ከነጠረጴዛዋ የተሰደደችው ላፕቶፕ

ሰው ከቤቱ ሲሰደድ ምን ይዞ እንደሚወጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከወልድያ ስወጣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍራሽ የተሸከመ አይቻለሁ። የልብስ ስፌት መኪና እንደ ሕፃን ያዘለች ሴት አይቻለሁ። አውራ ዶሮውን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ ዶሮው ግን በየታጠፈው መንገድ እየጮኸ የሚያጋልጠው ሽማግሌ አይቻለሁ። የቢሮ ጠረጴዛ ራሱ ላይ ደፍቶ የሚሸሽ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነበርኩ።

«ምስኪን፣ ድንጋጤው አእምሮውን ነክቶታል» እያሉ ከንፈር የመጠጡልኝ ነበሩ። አልፈርድባቸውም። ጠረጴዛውን ተሸክሜ፣ ከጠረጴዛው ጋር በብረት ገመድ የታሰረች ላፕቶፕ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ እኔም ራሴን ባየው ኖሮ እንደዚያው ነበር የምለው። ግን ነገሩ የጀመረው በእብደት አይደለም። በሥልጠና ነው። እኛ ዘንድ ብዙ መከራ በሥልጠና ነው የሚጀምረው።

የምሠራው ሕሙማንን እየተከታተለ መድኃኒትና ምክር በሚያደርስ የግል የጤና ድርጅት ውስጥ ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ። እኔ መርፌ ሳይ አንገቴን የማዞር ሰው ነኝ። ሥራዬ ኋላ ክፍል ተቀምጬ መረጃ መጻፍ ነው፤ እገሌ ምን ታመመ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ መቼ ይመለሳል። ሐኪሞቹ ወደ መርሳና ወደ ውርጌሳ ሲወርዱ እኔም ላፕቶፔን አዝዬ እከተላቸዋለሁ። ሕሙማኑን በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም። ሕመማቸውም ሰው ለገዛ ወንድሙ የማይናገረው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ጎረቤት እንዳያየው ብሎ፣ ደጁ ላይ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ ተራራ ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የሚመጣው።

እንግዲህ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ መጣ። ርእሱ «ከቢሮ ውጭ በሚንቀሳቀሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ መረጃ አጠባበቅ» የሚል ነው። ሰውየው ነገሩን ያውቃል፤ ደግሞም ያስፈራል።

«ላፕቶፓችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ! ሻይ ቤት ውስጥ አትክፈቱ! እጃችሁ ከሚደርስበት አታርቋት! የይለፍ ቃላችሁን ለወለደቻችሁ እናት እንኳ አትንገሩ!»

አንዲት ነርሳችን እጇን አወጣች። «ለንስሐ አባትስ?»

አሠልጣኙ ይህ ጥያቄ በሌላ ከተማ አልገጠመውም መሰለኝ፣ ትንሽ አሰበ። «ለንስሐ አባትም» አለ በመጨረሻ። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ።

ከዚያ ሠርቶ ማሳየት መጣ። ከቦርሳው የብረት ገመድ አወጣ። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ሁሌም እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ገመዱን የጠረጴዛዬን እግሮች በሚያያይዘው ብረት አዙሮ፣ ጫፉን ላፕቶፔ ጎን ላይ ባለችው ቀዳዳ አስገብቶ ቀጭ አደረገው።

«አሁን ሌባ ቢመጣ ምን ይወስዳል?»

«ምንም!» አልን ባንድ ድምፅ። እኔ ከሁሉ በላይ ጮኽኩ። አጨበጨብን። ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ምሳ በላን፣ ተሰነባበትን። ቁልፉ ትዝ ሲለን ሰውየው ደሴን አልፏል።

ስልክ ደወልኩ። «ውይ! ኪሴ ውስጥ ነው» አለ። «ምንም አይደል፣ በአውቶቡስ እልከዋለሁ።»

አውቶቡሱ ቁልፉን ይዞ ደሴ ድረስ መጣ ተባለ። ከዚያ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ወጣ፤ ከዚያ ተከፈተ ተባለ፤ ከዚያ የእውነት ተዘጋ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ታስሬ ሠራሁ። ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ተብለው ከተገዙት ሁሉ የማትንቀሳቀስ አንዲት የእኔዋ ሆነች። በፀጉር መያዣ ሞከርኩ። በሽቦ ሞከርኩ። የማርያምን ስም ጠርቼ ሳብኳት፤ ጠረጴዛው ተከተለኝ። ገመዱ ይቆረጥልኝ ብዬ አዲስ አበባ ያለውን አለቃዬን ብለምነው፣ «የድርጅት ንብረት ነው! ጎኗ ቢሰነጠቅ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ንብረት ሲባል ግን ልቡ ይመታል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ክረምት ነው፣ ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። ሌሊቱን በሩቁ ሲያጉረመርም ያደረውን መሣሪያ ነጎድጓድ ነው ስንል አንግተናል። ረፋዱ ላይ ግን ነጎድጓድ እንዳልሆነ ለሁሉም ገባው። ከተማው እንዳለ ተነሥቶ ወደ መርሳ መንገድ ፈሰሰ። እኔ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ዘበኛው የለም፤ በሩ ክፍት ነው። ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ነው።

«ስማኝ! የወረቀት ካርዶቹን ተዋቸው፣ አትችላቸውም። ላፕቶፗን ግን፣ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ የገባው ሁሉ እሷ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ እሷን ግን...»

ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አልሠራም።

ቆምኩ። ላፕቶፗን አየኋት፤ ጠረጴዛውን አየሁት። በሩ የሚደገፍበት ድንጋይ እግሬ ሥር ነበር። አንሥቼ ከራሴ በላይ ከፍ አደረግሁት። ባደቅቃት እኮ ምስጢሩ ማንም እጅ አይገባም፤ አሠልጣኙም ቢሆን አይቃወምም። ግን መድኃኒቱስ? ነገ ሰላም ሲመጣ ማን ምን ይወስድ እንደነበር በምን እናውቃለን? ተራራ ዞረው የመጡትን ሁሉ ዳግመኛ «ምንድን ነበር ያመማችሁ?» ልንላቸው ነው? ድንጋዩን መልሼ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛውን አነሣሁ።

የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይሥቁብኛል። «ሆዷን በካቻቪቴ ከፍተህ ዲስኳን ብቻ ማውጣት ነበር» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ግን ካቻቪቴ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም እኔ የአባቴን ሬዲዮ ለማየት ብዬ ፈትቼ፣ ስገጥማት ብሎን የተረፈኝ ሰው ነኝ።

መንገዱ ላይ ዝናብ ያዘን። ላፕቶፗን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ ገመዷ አጭር ስለሆነ ከጠረጴዛው ብዙ ልትርቅ አትችልም። ጠረጴዛው ራሴ ላይ ነው። ዝናቡ ሲበረታ የማላውቃቸው ባልና ሚስት መጥተው ጠረጴዛዬ ሥር ተጠለሉ። ተሸካሚው እኔ፣ ባለጥላዎቹ እነሱ። «ትንሽ ወደዚህ አዘንብለው እስቲ» ብሎ እስከማዘዝ ደረሰ ባልየው።

እዚያ ነው ደምሴን ያገኘሁት። ደምሴ መናኸሪያው አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ደሴ ሰዷል። ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ጠረጴዛው ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም። ታስሮብኝ ነው።»

ዞሮ ገመዱን አየ፤ የጠረጴዛውን እግሮች አንድ በአንድ በጣቱ እየመታ ፈተሸ። «ኧረ በለው! ይኼን የበየደው ሰውዬ ከጠረጴዛው ጋር ቂም ነበረው እንዴ?»

«ብረት መቁረጫ ሰጌቶ ይዘሃል?» አልኩት በተስፋ።

«ሰጌቶውንም መፍቻውንም ጋራዥ ቆልፌበት ነው የወጣሁት። ይችን ክሪክ ብቻ ነው ያነሣሁ።» እውነትም የመኪና ማንሻ ክሪክ ትከሻው ላይ ተሸክሟል።

«መኪና ሳትይዝ ክሪክ ምን ያደርግልሃል?»

«አንተ ቢሮ ሳትይዝ ጠረጴዛ ምን ያደርግልሃል?»

ሳቅን። ከወልድያ ከወጣሁ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና መሣቄ ነው። አንዱን ጎን ያዘልኝና አብረን ሄድን።

ትንሽ እንደሄድን መንገድ ዳር ሁለት ሴቶች ተቀምጠው አገኘን። አንዷ እማማ ዘርፌ የሚባሉ፣ ከእርጅና ብዛት እንደ ልጅ ያነሱ አሮጊት ናቸው። ሌላዋ ልጃቸው አልጋነሽ ናት። አልጋነሽ እናቷን ከወልድያ ጀምሮ አዝላ መጥታ ጉልበቷ ከድቷት ነው የተቀመጠችው። የሚሄዱት ከመርሳ ገባ ብላ ወዳለችው ግራና፣ ዘመድ ቤት ነው። እማማ ዘርፌ እኔን ሲያዩ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አፈጠጡ።

«ያ ሰውዬ ከነጠረጴዛው ወዴት ነው? ድግስ አለ እንዴ?»

«ስደት ነው እማማ» አልኳቸው።

«እሱስ እኛም እዚያው ላይ ነን። ጠረጴዛ ማሰናዳቱን ግን አላወቅንበትም።»

ደምሴ አሮጊቷን አየ። ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ ጠረጴዛዬን ከራሴ ላይ አውርዶ ገለበጠው። አራቱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆሙ። የአልጋነሽን ነጠላ አንጥፎ፣ «ይግቡ እማማ» አለ።

እማማ ዘርፌ ገቡ። በአራቱ እግሮች መካከል እግራቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ ልክ ለእሳቸው የተለካ መሰለ። ላፕቶፗ ገመዷ ስለማያስኬዳት ጭናቸው ላይ አረፈች። አጠና ከአጥር ዳር ተገኘ፣ ገመድ ከአንዱ የፍራሽ ማሰሪያ ተፈታ፣ ጠረጴዛው ቃሬዛ ሆነ። አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። ያን ጠረጴዛ ዓመታት ስሠራበት እቃ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ቃሬዛ ደግሞ አራት ሰው ይፈልጋል። እኔና ደምሴ ሁለት ነን። «ሰው እንጥራ» ልል አፌን ስከፍት ሁለት ሰዎች አጠናውን ይዘዋል። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን አጃኢብ ብዬ ከማለፍ በቀር መናገሪያ የለኝም። ሰው ሁሉ የራሱ ሸክም አለበት፤ የራሱ ልጅ ያለቅስበታል፤ ከኋላው ተኩስ ይሰማል። ግን አንዱ ሲደክመው ገና «ተኩኝ» ሳይል ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ፍራሹን ለሚስቱ ሰጥቶ የገባ አለ። ያ ባለዶሮው ሽማግሌ «ዶሮውን ያዙልኝ» ብሎ ገባ። አንድ ነጋዴ «ቢስሚላህ» ብሎ ትከሻውን ሲያስገባ፣ ከጎኑ ያለው ዲያቆን «በስመ አብ» ይላል። እማማ ዘርፌ ከላይ ሆነው የገባውንም የወጣውንም ይመርቃሉ። «አንተ ግን ታነክሳለህ፣ ለዚያኛው ልቀቅለት» እያሉም ይቆጣጠራሉ። እሳቸውን ወክዬ የምናገር ከሆነ፣ መንገዱን ወደውታል።

ሲሪንቃ አካባቢ አረፍን። ጠረጴዛው ተገለበጠና ተመልሶ ጠረጴዛ ሆነ። አንዷ በሶ አወጣች፣ አንዱ ቆሎ ዘረገፈ፣ አንዱ ቴምር ጨመረ፤ ሁሉም ዙሪያውን ከቦ ቆመ። እዚያ ነው ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ያለው።

«ንገረኝ እስቲ፣ ውስጧ ምንድን ነው ያለው? ወርቅ ነው?»

«መናገር አልችልም።»

«የድርጅቱ ብር ነው?»

«ብር አይደለም። የሰው ነገር ነው» አልኩት። ጠረጴዛዬን እስከዚያ ድረስ ለተሸከመ ሰው ይህን ያህል መንፈግ ከበደኝ። «ማን እንደታመመ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ።»

ደምሴ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ። «ስምም አለው?»

«አለው።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም።»

ሌላ አልጠየቀም። ዕረፍቱ ሳያልቅ ተነሣ። እማማ ዘርፌን መልሰን ስናስቀምጥ ላፕቶፗ ባለችበት በኩል ያለውን አጠና ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሊተካው ቢመጣ «አልደከመኝም» እያለ አልለቅም አለ። ቀልዱም ጠፋ። እኔ ነገሩ የሰለቸው መስሎኝ ነበር።

መርሳ ሳንደርስ ታጣቂዎች መንገዱን ዘግተው ጠበቁን። ወጣቶች ናቸው። «ስልክ፣ ካሜራ፣ ኮምፒዩተር የያዘ እዚህ ያስቀምጥ!» ይላሉ። ላስቲክ ላይ የስልክ ክምር አለ። ከፊታችን የነበረ አንድ አስተማሪ ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፕ ተገኘበትና ለብቻው ወደ ጎን ወሰዱት። ሥልጠናው ላይ ሻይ ቤት ውስጥ አትክፈቱ ተብለናል፤ ስለዚህ ግን አንድም ቃል አልተነገረንም።

ቀና ብዬ ሳይ እማማ ዘርፌ ጭን ላይ ላፕቶፕ የለችም። ሽቅብ ብድግ ብለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እንደ ታቀፈች ዶሮ ተቀምጠውባታል። ማን ነገራቸው? ማንም።

አንዱ ታጣቂ መጣ። ቃሬዛውን ዞረው። ዓይኑ ከእግሩ ብረት ተነሥቶ ወደ አሮጊቷ ቀሚስ በሚገባው ገመድ ላይ ዐረፈ።

«ይህ ገመድ ምንድን ነው?»

እኔ፣ የተማርኩት ሰው፣ አፌን ከፈትኩ። «ቁ... ቁልፉ...» ብዬ ጀመርኩ። ደምሴ እግሬን በጫማው ረገጠኝ።

«እኔ ነኝ የታሰርኩት» አሉ እማማ ዘርፌ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ ያች ስትቆጣጠረን የነበረችው ሴት የለችም። «ይነሣብኛል ልጄ። ሲነሣብኝ ብድግ ብዬ እሮጣለሁ። ገደል እንዳልገባ ብለው አሰሩኝ።»

ልጁ ወደ ደምሴ ዞረ። ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። አልጋነሽ የእውነት አለቀሰች።

እማማ ዘርፌ የልጁን እጅ ያዙ። «አንተ የማን ልጅ ነህ? እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች? በልተሃል?»

ልጁ አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገና «ይለፉ እናቴ» አለ። እንዲያውም ቃሬዛውን ስናነሣ አንዱን ጫፍ ደገፈልን።

«ምነው ከበዱሳ?» አለ።

«ኃጢአቴ ነው ልጄ» አሉት።

ብዙ ከሄድን ወዲያ እማማ ዘርፌ ከላይ ሆነው፣ «ጾም ይዤ ዋሸሁ። ለዚህች ስል እስከ መስከረም ልጨምር ነው» አሉ። እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው። ስለ መረጃ ጥበቃ ሥልጠና ወስጃለሁ እላለሁ እንጂ ያን ያህል የሚደፍር ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

መርሳ ላይ ደምሴ በሮቹን እያንኳኳ ዞሮ ሰጌቶ ያለው የብረት ሠራተኛ ጓደኛውን አገኘ። ሰጌቶውን ራሱ ተቀብሎ፣ የላፕቶፗ ጎን እንዳይነካ ገመዱን ከጠረጴዛው በኩል ቀስ ብሎ ቆረጠው። ሲበጠስ ዙሪያ የቆመው ሰው እልል አለ። ምን እንደተፈታ ግን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ላፕቶፗ ጭራዋን እያንጠለጠለች ነፃ ወጣች።

እንግዲህ እኔ ከሰዉ ጋር ወደ ደሴ መውረድ እችል ነበር። ግን ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ሌላ ፍተሻ አለ፣ ያኛው የሰውነት ፍተሻ ነው ተባለ። እማማ ዘርፌ ደግሞ ገና ግራና ድረስ ይሄዳሉ። «ና፣ ልጅህን ይዘህ ና» አሉኝ ላፕቶፗን እያዩ። ሄድኩ። ደምሴም እስከ ግራና ተሸከመ። ደጁ ላይ ውኃ ጠጥቶ፣ ቤተሰቤ ይጠብቀኛል ብሎ ወደ ደሴው መንገድ ተመለሰ። ሲሰናበተኝ ቦርሳዋን በእጁ መታ መታ አደረጋትና «ጠብቃት» አለኝ።

ግራና ላይ ወራት ተቀመጥኩ። የሰው እንጀራ በላሁ፤ ማረስ አልችልበትም፣ ማረም ሞክሬ ጤፉን ከአረሙ ጋር ነቅዬ ከእርሻው ተባረርኩ። መብራት ስለሌለ ላፕቶፗ እንደ ድንጋይ ዝም ብላለች። እማማ ዘርፌ ትራሳቸው ሥር አድርገው ይተኙባታል፤ ጠረጴዛው ደግሞ በእግሮቹ ቆሞ፣ ሰሌን ተዘርግቶበት መደባቸው ሆኗል። አንድ ጊዜ ቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። እማማ ዘርፌ ያኔም ተነሣባቸው።

ገብሱ ከተወቃ በኋላ መንገዱ ተከፈተና ወልድያ ተመለስኩ። ቢሯችን በር የለውም። የወረቀት ካርዶቹ ግማሹ አመድ፣ ግማሹ ግቢው ውስጥ ዝናብ የበላው ጭቃ ነው። ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ፈልጌ ላፕቶፗን ሰካኋት። ባለሱቁ «ይህ ጭራዋ ምንድን ነው?» አለኝ። በራች! ከዚያ የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ። ማንም እንዳይገምተው ብዬ የሠራሁት ቃል ነው። እኔም መገመት አቃተኝ። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ እንቢ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እንቢ። ከዚህ በላይ ከተሳሳትኩ ለዘለዓለም ትዘጋብኛለች። ላቤ ቁልፎቹ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩና ጣቶቼን እንደ ልባቸው ለቀቅኋቸው። ጣት እንደሚያስታውስ ያን ቀን አየሁ። ተከፈተች። ሁሉም እንደነበረ ነው፣ ስም በስም።

አለቃዬ በስልክ ሲሰማ አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ አለቀሰ። ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና «ጠረጴዛውስ?» አለ።

«ግራና ነው።»

«ለምን አላመጣኸውም?»

«ሰው ተኝቶበታል።»

ቀስ ብሎ «ይተኛበት» አለኝ። እንዳልኳችሁ ክፉ ሰው አይደለም።

መድኃኒት ሲገባ ሕሙማን መምጣት ጀመሩ። የከሱ፣ የጠቆሩ፣ መድኃኒታቸው ከተቋረጠ የቆየ። ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም። መጋረጃ ጋርደን አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ነርሷ ከጎኔ ናት፤ እኔ ፈልጌ የሚወስዱትን እነግራታለሁ። አንድ ቀን መጋረጃው ተገለጠ፤ ቀና አልኩ።

ደምሴ ነው።

የአባቱን ስም ነገረኝ። ጻፍኩ። ስሙ መጣ፤ መድኃኒቱም መጣ፤ በእጄ የጻፍኩት ነው። ለነርሷ ነገርኳት። ሰጠችው። ኪሱ ከተተው። እኔ እጄ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ያ ሰው ከሲሪንቃ እስከ ግራና «አልደከመኝም» ያለው የገዛ ስሙን ተሸክሞ ነበር። ገመዷን የቆረጠ ጊዜ ሰጌቶ በእጁ ነበር፤ ላፕቶፗም ከፊቱ ነበረች። በጨለማ ገደል ቢወረውራት ማን ያውቅበታል? እሱ ግን «ጠብቃት» ብሎኝ ሄደ።

(ደምሴ ያልኳችሁ ስሙ አይደለም። ጋራዡም መናኸሪያው አካባቢ አይደለም። ይህን እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ ሥልጠና የወሰድኩ ሰው መሆኔን አትርሱ።)

ሊወጣ መጋረጃውን ያዘና ዞረ። «እማማ ዘርፌ በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ደኅና ናቸው።»

«ተመስገን።»

ልለቀው አልቻልኩም። «ታውቃለህ» አልኩት፣ «ውስጧ ሰዎች አሉ ብዬ ነግሬያቸው ነበር፣ ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም። ግራና ሳለን ጠዋት ጠዋት ትራሳቸውን አንሥተው ላፕቶፗን ይዳብሷትና ‹እንዴት አደራችሁ?› ይሏት ነበር። አንድም ቀን ዘለው አያውቁም።»

ደምሴ መጋረጃውን እንደያዘ ቆመ። የመካኒክ እጁን አየሁት፣ ዘይት የገባበት ጥፍሩን።

«ግራና ስትሄድ ንገርልኝ» አለ። «ከውስጧ አንዱ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቱ እንዴት አደሩ› ብሏል በልልኝ።»